ከሱኦርቫ ሐይቅ እስከ ዌልስ ኮረብቶች፦ በቫተንፋል ማመንጫዎች የዐሥራ ሦስት ቀን ጉዞ

ቫተንፋል በስዊድንኛ ፏፏቴ ማለት ነው። የስዊድን መንግሥት በ1909 ያቋቋመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ1992 አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ አክሲዮኑ ግን እስከ ዛሬ መቶ በመቶ የመንግሥት ነው። በዚህ ስም የሚሠሩ ማመንጫዎች ዛሬ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ተበትነዋል፤ ውኃ፣ ኒውክሌር፣ ነፋስ፣ ጋዝ፣ ፀሐይ፣ ባትሪ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማመንጫ የሚጎበኝ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው ስንት ሜጋዋት እንደሆነ ነው። ሜጋዋት ብቻውን ግን ብዙ አይነግርም። ማመንጫው ሲጠራ በስንት ጊዜ ይደርሳል? ከደረሰስ ምን ያህል ይቆያል? የሚያስቆመውስ ምንድን ነው? መንገዱን ሁሉ ይህን ይዞ መሄድ ይሻላል።

ቀን 1፦ ፖርዩስ

ከስቶክሆልም የሚነሣው የሌሊት ባቡር ዬሊቫሬ ያወርዳል፤ ከዚያ ወደ ፖርዩስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ነው። ግንባታው በ1910 ሲጀመር ሐዲዱ ገና አልደረሰም ነበርና ስንቁንም መሣሪያውንም ሰው በጀርባው እየተሸከመ ነው በዚህ ደን ያሻገረው።

ከአርክቲክ ክበብ በላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ማመንጫ ያስፈለገው ለብረት ነው። የኪሩናን ማዕድን ወደ ኖርዌይ የሚያወርዱት ባቡሮች የሚነዱት በድንጋይ ከሰል ነበር፤ ከሰሉ ደግሞ ከውጭ የሚገዛ ነው። በ1915 ከኪሩና እስከ ድንበሩ ያለው መስመር በፖርዩስ ኃይል መንቀሳቀስ ጀመረ። ለባቡሩ የሚሄደው ኃይል ከፋብሪካው የተለየ ነበር፦ ነጠላ ፌዝ (በአንድ ሞገድ ብቻ የሚሄድ)፣ ፍሪኩዌንሲውም፣ ማለትም ከረንቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ 15 ሄርዝ። በዚያ ዘመን የነበረው የባቡር ሞተር ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ብሩሹ ላይ ብልጭታ እያወጣ ኮሙቴተሩን (ብሩሹ የሚነካውን፣ ከረንት ወደሚዞረው ክፍል የሚያስገባውን ቀለበት) ይበላው ነበር፤ ስለዚህ ዝግ ያለ ፍሪኩዌንሲ መረጡ፣ ለባቡር ብቻ የሚሠሩ ጄኔሬተሮችም ተተከሉ። የስዊድን ባቡር ዛሬም ከ50 ሄርዝ በተለየ ፍሪኩዌንሲ (16⅔) የሚሄደው በዚህ ውርስ ነው።

ከላይ የሚታየው ቤተ መንግሥት የሚመስል ሕንፃ የአርክቴክት ኤሪክ ዮሴፍሶን ሥራ ነው። ማሽኖቹ ያሉት ግን ከሥሩ 50 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ዐለት ተፈልፍሎ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ነው። የቀድሞው ጣቢያ ሥራውን በ1970ዎቹ ለአዲሶቹ ትልልቅ ማሽኖች አስረክቦ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል።

እዚህ የሚያስቸግረው ድርቅ ሳይሆን ውርጭ ነው። ወንዙ ገና በበረዶ ሳይሸፈን ብርዱ ድንገት ሲበረታ፣ የሚናወጠው ውኃ ከዜሮ ዲግሪ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ግን አይረጋም። በውስጡ መርፌ የመሰሉ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠሩና ያገኙት ብረት ላይ ይለጠፋሉ። መጀመሪያ የሚያገኙት በውኃ መግቢያው ላይ ያለውን የቆሻሻ ማጣሪያ ፍርግርግ ነው። በሰዓታት ውስጥ ፍርግርጉ ይዘጋል፤ ተርባይኑ ውኃ ያጣል፤ በፍርግርጉ ፊትና ኋላ ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ከበዛም ብረቱ ይጎብጣል። መድኃኒቱ ቀላል ይመስላል፤ በመጀመሪያዎቹ የውርጭ ቀናት የሚለቀቀውን ውኃ ቀንሶ ፍሰቱን ማርጋት። ወንዙ ሲረጋ ላዩ ይጋገራል፤ ግግሩ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ውኃ ያቆየዋል። ችግሩ በነዚያው ቀናት ደቡብ ስዊድንም በርዶት ኃይል መጠየቁ ነው። ተቆጣጣሪው ዛሬ ጥቂት ሜጋዋት ትቶ የወሩን ሙሉ ማትረፍ አለበት።

ቀን 2፦ ሱኦርቫና ሃርስፕሮንገት

ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኖርዌይ ተራሮች የሚወጣው መንገድ ሱኦርቫ ግድብ ያደርሳል። ከግድቡ በላይ የተኛው የአካያውሬ ሐይቅ 6 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የሚሠራ ውኃ ይይዛል፤ በሞላበትና በጎደለበት ጊዜ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 30 ሜትር ነው። በጸደይ የሚመጣ ሰው የሚያየው ሐይቅ ሳይሆን በባዶ ዳርቻ ላይ ተሰባብሮ የተኛ በረዶ ነው።

እኛ ክረምት ስንል ግድብ የሚሞላበት ወቅት ነው፤ እዚህ ተቃራኒው ነው። በብርዱ ወራት ወደ ወንዙ የሚገባ ውኃ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም በረዶ ሆኖ ተራራ ላይ ተቀምጧል። የመብራትና የማሞቂያ ፍላጎት ግን የሚያሻቅበው ያኔ ነው። በረዶው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ቀልጦ ሲወርድ ደግሞ የሚፈልገው ሰው ያንሳል። ሱኦርቫ የሰኔን ውኃ ለጥር ያስቀምጣል። በዚህ ጉዞ ከሚታየው ሁሉ ግማሽ ዓመት የሚሻገር ማከማቻ ይህ ብቻ ነው።

ዋጋ ተከፍሎበታል። ስቱራ ሼፋለት የተባለው ብሔራዊ ፓርክ በ1909 ተከልሎ፣ ገና በ1919 ነበር ሐይቆቹ ለግድቡ ሲባል ከፓርኩ ወሰን የተቆረጡት። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው የሳሚ ሕዝብ የአጋዘን ግጦሽና የሰፈር ቦታ በውኃ ተውጧል። ዛሬም በብርዱ ወራት ውኃው ከሥር ሲቀንስ ግግሩ ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አጋዘን ለሚነዳ ሰው እንዲህ ያለው በረዶ ወጥመድ ነው።

የሱኦርቫ ግድቦች አፈርና ድንጋይ ናቸው፤ መሐላቸው ውኃ የማያሳልፍ ደቃቅ አፈር ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ግድብ ጠላት ከላይ አይታይም፦ በመሐሉ የሚያልፈው ጥቂት ውኃ ደቃቁን አፈር እየሸረሸረ ይወስደዋል፤ ከጎኑ ያለው የጠጠር ማጣሪያ መጠኑ ካልተስተካከለ አፈሩን አያስቀርም። በ1983 እዚህ የግድቡ አናት ላይ ጉድጓድ ብቅ ብሎ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ሥርገት በመለኪያ ቦይ እየተሰበሰበ ይመዘናል። መጠኑ ከጨመረ አሳሳቢ ነው፤ ከደፈረሰ ግን የባሰ ነው፤ ድፍርሱ ራሱ ግድቡ ነውና።

ከሱኦርቫ የተለቀቀው ውኃ ቪየታስን፣ ፖርዩስን፣ ሃርስፕሮንገትን፣ ሊጋን፣ ሜሳውሬን እያለፈ ይወርዳል፤ ከትንሹ ሉሌ ገባር ጋር ከተገናኘ በኋላ ፖርሲ፣ ላክሰዴ፣ ቪትየርቭና ቡደን ይቀበሉታል። በሁለቱም ቅርንጫፎች 15 የቫተንፋል ጣቢያዎች አሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ሃርስፕሮንገት ነው፤ 107 ሜትር የውኃ ውድቀት፣ ከ800 ሜጋዋት በላይ። ሒሳቡን በእጅ መሥራት ይቻላል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 107 ሜትር ሲወድቅ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ፈቀቅ ይላል። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት አራት ሜትር ኩብ ማለት ነው። ያው ውኃ ግን ከሥር ባሉት ጣቢያዎች ደጋግሞ ይሸጣል።

የውኃ ተርባይን ቆሞ ከነበረበት በደቂቃዎች ውስጥ ሙሉ ኃይል ይሰጣል፤ እየዞረ ከሆነ የበሩን ቅጠሎች ከፈት ከደን በማድረግ በሰከንዶች ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። የሰሜን አውሮፓ የኤሌክትሪክ መረብ ፍሪኩዌንሲ 50 ሄርዝ ላይ የሚጠበቀው በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ነው።

ቀን 3፦ መስመሩን ተከትሎ ወደ ደቡብ

የባቡር ቀን ነው። ውኃው ሰሜን፣ ሰዉ ደቡብ፤ የስዊድን የኤሌክትሪክ ታሪክ ይኸው ርቀት ነው። ከሃርስፕሮንገት እስከ ሃልስበሪ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መስመር በ1952 በ380 ኪሎ ቮልት ሲከፈት በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ቮልቴጁ ለምን ከፍ አለ? በሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። ያንኑ ኃይል በ220 ፈንታ በ380 ኪሎ ቮልት ብትልኩት በዚያው ሽቦ ላይ ብክነቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። በምላሹ በሽቦው ዙሪያ ያለው አየር መንሸሽሸትና መብራት ይጀምራል፤ ኮሮና የሚሉት ነው። መፍትሔው ለአንድ ፌዝ ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን መዘርጋት ሆነ። ከባቡሩ መስኮት ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታዩት ለዚህ ነው።

ቀን 4፦ ፎርስማርክ

ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በባልቲክ ባሕር ዳር። ጉብኝት አስቀድሞ ተመዝግቦና መታወቂያ ይዞ ነው፤ ድንገት መጥቶ የሚገባ የለም።

ሦስት የፈላ ውኃ የኒውክሌር ማብላያዎች አሉ፤ በ1980፣ በ1981 እና በ1985 ሥራ የጀመሩ። ውኃው 70 ባር በሚደርስ ግፊት እዚያው ማብላያው ውስጥ ይፈላና እንፋሎቱ በቀጥታ ወደ ተርባይኑ ይሄዳል። ከሙቀቱ ሲሶው ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ቀሪው ሁለት ሦስተኛ በባሕር ውኃ ተወስዶ ይጣላል። ሞቅ ያለው ውኃ የሚወጣበት፣ በግንብ የታጠረ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ገንዳ ለዓሣና ለባሕር ሕይወት ምርምር ያገለግላል።

እንዲህ ያለው ማሽን ደከመኝ ሳይል ወራት በሙሉ ኃይል መሄድ እንጂ ወጣ ገባ ማለት አይወድም። ነዳጅ የሚቀየረው በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ፣ ፍላጎት በሚቀንስበት በበጋ (በአውሮፓ በሞቃቱ ወራት) ነው፤ ያኔም ከነዳጁ ክፍሉ ብቻ ይለወጣል።

ፎርስማርክ ሁለት ጊዜ በዓለም ዜና ገብቷል። የመጀመሪያው በሚያዝያ 28 ቀን 1986 ነው። ወደ ጣቢያው የሚገባ ሠራተኛ ጫማ የጨረራ መቆጣጠሪያውን አስጮኸ፤ ጨረራው ከጣቢያው ሳይሆን ከቸርኖቤል በነፋስ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ግን የራሱ የጣቢያው ነው፤ መሐንዲስ ሁሉ ሊያነበው የሚገባም እሱ ነው።

ሐምሌ 25 ቀን 2006፣ ከጣቢያው ውጭ ባለው የ400 ኪሎ ቮልት ማከፋፈያ ጥገና ላይ ሳሉ አንድ ማለያያ ኃይል እያለፈበት ተከፈተ። ቅስት ተነሣ፤ ሾርት ሰርኪት ሆነ። ቮልቴጁ መጀመሪያ ወደቀ፤ ማብላያ 1 ከመረቡ ሲላቀቅ ደግሞ ጄኔሬተሩ ሸክሙን ድንገት ስላጣ ቮልቴጁ ወደ ላይ ዘለለ። ዝላዩ ወደ ጣቢያው ውስጥ ገብቶ ከአራቱ የባትሪ መጠባበቂያ መስመሮች ሁለቱን አጠፋ። የመከላከያቸው ልክ በትክክል አልተቀናጀም ነበር፤ ቻርጅ የሚያደርገው ወገን ብቻውን መቆም ሲገባው ኃይል የሚሰጠው ወገንም አብሮ ቆመ። አራቱም የመጠባበቂያ ዲዝል ጄኔሬተሮች ተነሥተዋል፤ ነገር ግን የሁለቱ የፍጥነት መለኪያ ኃይል የሚያገኘው ከጠፉት ባትሪዎች ስለነበር መዞራቸውን የሚመሰክር ጠፋና ከጣቢያው መስመር የሚያገናኛቸው ማብሪያ (ብሬከር) አልገጠመም። ተቆጣጣሪዎቹ ከ22 ደቂቃ ገደማ በኋላ በእጅ አገናኟቸው። ቀሪዎቹ ሁለት መስመሮች ማቀዝቀዣውን ይዘው ነበርና ነዳጁ አልተጎዳም። አራት እኩል መጠባበቂያ መያዝ ብቻውን አያድንም፤ አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ በአንድ ምክንያት አብረው ይወድቃሉ።

ከባሕሩ ወለል በታች ዐለት ውስጥ፣ ዕድሜው አጭር ለሆነ ቆሻሻ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራ ማከማቻ አለ። ያለቀው ነዳጅ የሚቀበርበት ሌላው ማከማቻ የመንግሥት ፈቃድ ያገኘው በ2022 ነው፤ ግንባታው በ2025 ተጀምሯል። 500 ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በመዳብ ጣሳ ውስጥ፣ ዙሪያውን ውኃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ ተጠቅጥቆ።

ቀን 5፦ ትሮልሄታንና ሪንግሃልስ

በመንገድ ላይ ትሮልሄታን መውረድ ያዋጣል። የድርጅቱ የመጀመሪያ ጣቢያ ኦሊዳን በ1910 የተመረቀው እዚህ ነው። ፏፏቴው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ውኃው በተርባይኑ ነው የሚሄደው። በበጋ በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ በሮቹ ለጎብኚ ይከፈቱና በሰከንድ 300 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ፏፏቴ በፕሮግራም!

ሪንግሃልስ ከጎተንበርግ በስተ ደቡብ፣ በቫርቤርግ አጠገብ ነው። ከአራት ማብላያዎች ሁለቱ በ2019 እና በ2020 መጨረሻ ተዘግተዋል፤ ሪንግሃልስ 3 እና 4 ግን ይሠራሉ። እነዚህ ከፎርስማርኮቹ ይለያሉ፦ ውኃው በ155 ባር ገደማ ግፊት ተይዞ ሳይፈላ ይዞራል፤ እንፋሎቱ በሌላ ዑደት ነው የሚፈጠረው። ግፊቱን የሚጠብቀው ፕረሸራይዘር የሚባል ቀጥ ያለ ጋን ነው፤ ከታች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንጎች፣ ከላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚረጭ አፍንጫ አለው። ግፊት ሲወርድ ይሞቃል፤ ሲወጣ ይረጫል።

በነሐሴ 2022፣ ሪንግሃልስ 4 ለዓመታዊ ጥገና ቆሞ ሳለ፣ በሙከራ መካከል ማሞቂያዎቹ ጋኑ ውኃ ሳይኖረው በኃይል ላይ ቀሩ። በቤት ማፍያ ላይ የምናውቀው ስሕተት ነው፤ ልዩነቱ ጋኑ የማብላያው አካል መሆኑ ላይ ነው፣ ጥገናው ሁሉ ተመርምሮና ተፈቅዶ ነው የሚሠራው። ማብላያው አውሮፓ በጋዝ እጥረት የተጨነቀችበትን የብርድ ወቅት ሙሉ ቆሞ አሳለፈ። ከ1,100 ሜጋዋት በላይ፣ ውኃ በሌለው ማሞቂያ።

ሌላም ነገር ከዚህ ቦታ ይታያል። በ2020 በጋ የስዊድን መረብ አስተዳዳሪ ሪንግሃልስ 1 እንዳይቆም 300 ሚሊዮን የስዊድን ክሮኖር ገደማ ለመክፈል ተዋዋለ። የኤሌክትሪክ ዋጋ ረክሶ ማብላያው ሊያርፍ አስቦ ነበር። የተፈለገው ግን ሜጋዋቱ ሳይሆን የሚዞረው የከባድ ብረት ጉልበትና በደቡብ በኩል ቮልቴጁን ደግፎ መያዙ ነው።

ቀን 6፦ ክሪገርስ ፍላክ

ከቫርቤርግ ባቡሩ ማልሞን አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ኮፐንሃገን ይገባል። የነፋስ ጣቢያው አገልግሎት ጀልባዎች የሚነሡት ከሙን ደሴት፣ ከክሊንትሆልም ወደብ ነው። ጎብኚ ከነጩ ገደል አናት ላይ ሆኖ ያየዋል፤ ባሕር ላይ መውጣት ለሠራተኛ ብቻ ነው።

72 ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 8.4 ሜጋዋት፣ በድምሩ 605 ሜጋዋት ገደማ፤ የተመረቀው በመስከረም 2021 ነው። የሚገርመው ከተርባይኑ ይልቅ ኬብሉ ነው። ከዴንማርክ በኩል የሚመጣው የጣቢያው ገመድ በባሕር ውስጥ ከጀርመን የነፋስ ጣቢያዎች ገመድ ጋር ተገጣጥሟል፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይኸው መሥመር ሁለቱ አገሮች ኃይል የሚገበያዩበት ይሆናል። ግን ዝም ብሎ አይገጠምም። ምሥራቅ ዴንማርክ ከስዊድን ጋር፣ ጀርመን ከአህጉሩ ጋር ነው የሚዞሩት፤ ሁለቱም 50 ሄርዝ ይባሉ እንጂ ምታቸው አይገጥምም። ስለዚህ ጀርመን ውስጥ በቤንትቪሽ 400 ሜጋዋት የሚያሳልፍ ኮንቨርተር ተተከለ፤ ተለዋዋጩን ከረንት ወደ ቀጥተኛ፣ እዚያው ደግሞ መልሶ ወደ ተለዋዋጭ ይቀይራል።

ቀን 7፦ ኤስብየርና ሆርንስ ሬቭ

ዴንማርክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በባቡር ስታቋርጡ፣ ሳታውቁት ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ። ኤስብየር ወደብ ላይ የተደረደሩት ስለቶች ርዝመት ከዓይን ግምት በላይ ነው።

ሆርንስ ሬቭ 1 በ2002 ሲተከል በሰሜን ባሕር የመጀመሪያው ትልቅ የነፋስ ጣቢያ ነበር፤ 80 ተርባይን በ2 ሜጋዋት፣ 160 ሜጋዋት። በ2004 የሰማንያዎቹም የላይኛው ቤት፣ ማለትም ጄኔሬተሩና ትራንስፎርመሩ ያሉበት ክፍል፣ አንድ በአንድ ወርዶ ወደ የብስ ተመለሰ። የትራንስፎርመር የአሠራር ጉድለትና ጨዋማው አየር ተባብረው ነው። የብስ ላይ የተሳካ ማሽን ባሕር ላይ እንደማይሳካ ኢንዱስትሪው የተማረው እዚህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የላይኛው ክፍል ታሽጎ፣ አየሩ ጨውና እርጥበቱ ተለይቶለት ነው የሚገባው።

ሆርንስ ሬቭ 3 በ2019 ተመረቀ፤ 49 ተርባይን ብቻ፣ 407 ሜጋዋት። በ17 ዓመት ውስጥ የአንዱ ተርባይን ጉልበት ከአራት እጥፍ በላይ አደገ። ምክንያቱ የጥገና ጀልባ ነው ማለት ይቻላል። ለ2 ሜጋዋትም ለ8 ሜጋዋትም የሚሄደው ጀልባ፣ የሚወጣው ቴክኒሻን ያው ነው። የሞገዱ ቁመት ከአንድ ሜትር ተኩል ሲያልፍ ደግሞ በተለመደው ጀልባ ከመሰላሉ ጋር መጠጋት አይቻልም፤ አንድ ፊውዝ በክፉ ወቅት ከተቃጠለ ተርባይኑ ቀናት ቆሞ ይጠብቃል።

ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ነው፤ ሲቀንስም እንዲሁ። ተርባይኑ በሰከንድ 3 ወይም 4 ሜትር ላይ ይጀምራል፣ 12 ወይም 13 ላይ ሙሉ ይሆናል፣ ከ25 ሲያልፍ ራሱን ያቆማል። የስለቱ ጫፍ በሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ ስለሚሄድ የዝናብ ጠብታ እንደ አሸዋ ይፍቀዋል። ጠርዙ ሲሸካከር ምርቱ በዝምታ ይቀንሳል፤ ማንቂያ ደወል የለውም። የሚታወቀው በፎቶና ምርቱን ከጎረቤት ተርባይን ጋር በማነጻጸር ነው።

ቀን 8፦ ሃምቡርግ ዙሪያ

ይህ ቀን የተዘጉ ማመንጫዎች ቀን ነው። በወደቡ ማዶ የሞርቡርግ የከሰል ጣቢያ ቦታ አለ፤ በ2015 ሥራ ጀምሮ በ2021 ቆመ። ለ40 ዓመት የተሠራ ማሽን ስድስት ዓመት ኖረ። ቦታው ለሃይድሮጅን ማምረቻ ተመድቧል፤ ትልቁ የኃይል መስመር እዚያው ደርሶ ቆሞ ነበርና።

የኤልበን ወንዝ ይዞ ወደ ምሥራቅ ሲወጡ የክሩመል ኒውክሌር ጣቢያ ይገኛል። ሰኔ 28 ቀን 2007 ትራንስፎርመሩ ውስጥ ሾርት ሰርኪት ተፈጥሮ ዘይቱ ነደደ፤ ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። በ2009 ተመልሶ ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ትራንስፎርመሩ እንደገና አስቆመው። ከፉኩሺማ የኒውክሌር አደጋ በኋላ ጀርመን በሕግ ዘጋችው። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2021 ለአራት ኩባንያዎች 2.4 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ካሣ ተስማሙ፤ ከዚያ የቫተንፋል ድርሻ 1.425 ቢሊዮን ነበር። በምሥራቅ ጀርመን ያሉትን የሉሳቲያን የቡናማ ከሰል ማመንጫዎችና ማዕድን ቀድሞ በ2016 ሸጦታል።

ቀን 9፦ ጎልዲስታል

በቱሪንጊያ ደን ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው መንገድ በመኪና። ተራራው አናት ላይ 12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ፣ ሸለቆው ውስጥ የታችኛው ግድብ፣ መሐላቸው 300 ሜትር ያህል ከፍታ። ማሽኖቹ በተራራው ሆድ ውስጥ ናቸው፤ አራት ሆነው እያንዳንዳቸው 265 ሜጋዋት፣ በጠቅላላ 1,060። በ2003 እና በ2004 ሥራ ጀመሩ፤ በጀርመን ትልቁ ነው።

ኃይል ሲረክስ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲወደድ ያወርደዋል። ሙሉው ገንዳ በሙሉ ኃይል ስምንት ሰዓት ይሠራል፤ 8.5 ጊጋዋት ሰዓት። ከወሰደው ኃይል ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን ይመልሳል። ሱኦርቫ ወቅት ያሻግራል፤ ይህ ሌሊትን ብቻ ነው የሚያሻግረው።

የባለሙያውን ዓይን የሚስበው ከአራቱ ሁለቱ ፍጥነታቸውን መለወጥ መቻላቸው ነው። ተራ የፓምፕ ማሽን ከመረቡ ጋር ታስሮ በአንድ ፍጥነት ነው የሚዞረው፤ ውኃ ሲገፋ ሙሉ ኃይል ይወስዳል ወይም አይወስድም፣ መሐል የለውም። በነዚህ ሁለቱ ግን ለሮተሩ (ለሚዞረው የማሽኑ ክፍል) የሚሰጠው ከረንት ራሱ ፍሪኩዌንሲው እየተለወጠ ስለሚገባ፣ ማሽኑ በደቂቃ ከ333 ዙር ጥቂት ከፍና ዝቅ ማለት ይችላል። የፓምፕ ሸክም ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ ትንሽ የፍጥነት ለውጥ ብዙ ሜጋዋት ነው። ነፋሱ ሲወዛወዝ ፓምፑም አብሮ ይወዛወዛል። በዚህ መጠን በአውሮፓ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። ዋጋቸው በሮተሩ ላይ ነው፦ ተራ ሮተር የሚሸከመው የብረት ምሰሶዎችን ነው፤ ይህ ግን ሙሉ የሽቦ ጥቅል ነው፣ ጫፎቹም በሚዞርበት ጉልበት እንዳይበተኑ በጥንቃቄ መታሰር አለባቸው።

ቀን 10፦ ኔዘርላንድስ

ሃሪንግፍሊት የሚባለው ጣቢያ ትንሽ ነው፤ ግን መታየት አለበት። ስድስት የነፋስ ተርባይን (22 ሜጋዋት)፣ 115,000 የፀሐይ ፓኔል (38 ሜጋዋት) እና በ12 ኮንቴይነር የተሞላ የ12 ሜጋዋት ሰዓት ባትሪ በአንድ የመረብ መገናኛ ላይ ተሰክተዋል። ፀሐይና ነፋስ በአንድ ሰዓት ጣራ ላይ መድረሳቸው ብርቅ ስለሆነ ገመዱና ትራንስፎርመሩ ለሁለቱ ድምር መሠራት የለበትም። በኔዘርላንድስ መረቡ ተጨናንቆ አዲስ መገናኛ ለማግኘት ወረፋ ስላለ ይህ የቁጠባ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሄግ በስተ ሰሜን ከአሸዋው ክምር ላይ ሆላንድስ ኩስት ዛውድ ይታያል፤ በመስከረም 2023 የተመረቀ፣ 139 ተርባይን፣ 1.5 ጊጋዋት። እያንዳንዱ ተርባይን 11 ሜጋዋት፣ የመዞሪያው ስፋት 200 ሜትር። የተርባይኖቹ ገመዶች በ66 ኪሎ ቮልት ቀጥታ ወደ ሁለት የባሕር ላይ ማከፋፈያዎች ይገባሉ። ቀደምት ጣቢያዎች መሠረቱንና ምሰሶውን የሚያገናኝ መሐለኛ ቀለበት ነበራቸው፤ ክፍተቱ በሲሚንቶ ይሞላ ነበር። በብዙ ጣቢያ ሲሚንቶው እየተፈረፈረ ቀለበቱ ወደ ታች ተንሸራተተ። እዚህ ቀለበቱን ትተው ምሰሶውን በመሠረቱ ላይ በቀጥታ በብሎን አሰሩት። ከውኃው በታች በመሠረቶቹ ላይ ዓሣ የሚገባበት ቀዳዳም አለ።

ጥር 31 ቀን 2022፣ ገና በግንባታ ላይ ሳለ፣ ማዕበል መልሕቁን ያስለቀቀው ዩሊዬታ ዲ የተባለ የጭነት መርከብ ሰው አልባ ሆኖ እየተንሳፈፈ መጥቶ የማከፋፈያ መሠረትና አንድ የተርባይን መሠረት ገጨ። የባሕር ላይ ጣቢያ አደጋ ሁሌ ከማሽኑ አይመጣም።

ማታ ከአይማውደን የሚነሣው ጀልባ ኒውካስል ያሳድራል።

ቀን 11፦ አበርዲን

ከባሕሩ ዳርቻ መንገድ ላይ ቆሞ 11 ተርባይን መቁጠር ይቻላል፤ 93.2 ሜጋዋት፣ በ2018 የተጠናቀቀ። ዘጠኙ 8.4፣ ሁለቱ 8.8 ናቸው። በአቅራቢያው የጎልፍ ሜዳ ያላቸው ዶናልድ ትራምፕ እይታውን ያበላሻል ብለው እስከ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው በ2015 ተረቱ።

የሙከራ ጣቢያ ነው፤ የተሞከረው መሠረቱ ነው። ባለ ሦስት እግር የብረት መዋቅር ነው፤ ከእያንዳንዱ እግር ሥር የተገለበጠ ባልዲ የመሰለ ሲሊንደር አለ። ባሕሩ ወለል ላይ ሲያርፍ በክብደቱ ጥቂት ይሰምጣል። ከዚያ በባልዲው ውስጥ የታፈነው ውኃ በፓምፕ ይመጠጣል፤ የውጭው ግፊት ባልዲውን ወደ ጭቃው ይገፋዋል። ሦስቱ ፓምፖች ለየብቻ ስለሚታዘዙ መዋቅሩ ቢያዘነብል በአንዱ ፍጥነት ይስተካከላል። መዶሻ የለም፤ ለዶልፊኖች የሚያሰጋው ድምፅም የለም። ጣቢያው ሲያረጅ ውኃ መልሶ በማስገባት ይነቀላል። የሚያሰናክለው ትልቅ ድንጋይ ነው፤ አንድ ባልዲ ድንጋይ ካገኘ አይወርድም፤ በጣም ከተመጠጠም ውስጡ ያለው አሸዋ ይነሣል። ስለዚህ የወለሉ ጥናት ከመሠረቱ በፊት ለያንዳንዱ እግር መሠራት አለበት።

ቀን 12 ሙሉ ቀን ባቡር ነው፤ ከስኮትላንድ ወደ ደቡብ ዌልስ።

ቀን 13፦ ፔን ኧ ኩሞይዝ

ድሮ የከሰል ማዕድን በነበሩ ሸለቆዎች አናት ላይ፣ በጥድ ደን መሐል 76 ተርባይኖች ቆመዋል፤ 228 ሜጋዋት፣ በ2017 የተመረቁ። በእግርና በብስክሌት በመሐላቸው ማለፍ ይቻላል። በውርጭ ቀን ግን ከስለቱ ሥር አይቆምም፤ የተጋገረ በረዶ ይወረወራል።

ከተርባይኖቹ ማከፋፈያ አጠገብ በ2018 የተጨመሩት ኮንቴይነሮች 22 ሜጋዋት ባትሪ ናቸው፤ ውስጣቸው ለቢኤምደብሊው አይ3 የኤሌክትሪክ መኪና የተሠሩ 500 የሚያህሉ ባትሪዎች አሉ። በሙሉ ኃይል ቢለቁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃሉ። የተገዙት ግን ለርዝመታቸው አይደለም። የብሪታንያ መረብ ደሴት ነው፤ አንድ ትልቅ ጣቢያ ሲወድቅ ፍሪኩዌንሲው በሰከንዶች ውስጥ ያዘቀዝቃል። የውኃ ተርባይን በሩ እስኪከፈት የሚያልፈው ጊዜ እንኳ ለዚህ ብዙ ነው። የውሉ ልክ፣ ፍሪኩዌንሲው ከተፈቀደው ጠባብ ክልል በወጣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሙሉ ምላሽ መስጠት ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ቀጥተኛ ከረንት ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይረው መሣሪያ) ፍሪኩዌንሲውን ያለማቋረጥ ይለካል፤ ከ50 በታች ሲወርድ ይለቃል፣ ከ50 በላይ ሲወጣ ይስባል። የባትሪው አቅም የሚለካው በደካማው ሴል ነው፤ አንዱ ሴል ዝቅ ሲል ሌሎቹ ሙሉ ቢሆኑም አብረውት ይቆማሉ። ከባትሪው ቀድሞ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣው ነው፤ የአየር ማጣሪያው ሲዘጋ ሙቀቱ ይወጣል፣ መቆጣጠሪያውም ኃይሉን በራሱ ይቀንሳል፣ ውሉ ግን ቅናሽ አያውቅም። በመቆጣጠሪያው ላይ የሚታየው የቻርጅ መጠን አይሞላም፣ አይጎድልምም፤ ወደ ግማሽ ገደማ ላይ ይጠበቃል። ሙሉ ባትሪ መሳብ አይችልም፤ ባዶውም መልቀቅ አይችልም።